«ቤተሰብ ፊት ይታያል?»፦ ፊልም፣ ነውርና አዋቂነት

ፍላሽ ጫኙ (ደሴ)

ሰላም ወገን። ሥራዬን የሚነካ ነገር ስለሆነ ነው እዚህ ያመጣሁት።

ፊልም ጫኝ ነኝ። ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ይዛችሁ ስትመጡ የምትፈልጉትን እሞላላችኋለሁ። ትርጉም ፊልም፣ ህንድ፣ የቱርክ ተከታታይ፣ ኮሪያ፣ የሀገር ውስጥ፣ ሁሉም አለ። ደንበኛ መጀመሪያ «አዲስ ነው?» ይላል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ቤተሰብ ፊት ይታያል?» ይለኛል።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። መሳሳም የለም፣ አልጋ የለም፣ የተራቆተ ሰው የለም ወይ ማለቱ ነው። በቃ። ሰው ቢታረድ፣ ባል ሚስቱን በጥፊ ቢያጮላት ችግር የለም። «ደም አለበት ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰሞኑን አንድ አባት ፍላሹን ይዞ ተመለሰ። «ልጆቼ ፊት አሳፈርከኝ» አለኝ። ከፍቼ አየሁት። ባል ከእስር ተፈቶ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ያመልጣታል። ያቅፋታል፣ ይስማታል፣ በሩ ይዘጋል። አለቀ። እዚያው ፊልም ላይ ቀደም ብሎ አንድ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ ጣቶቹን በጉጠት ሲሰብሩት ይታያል። ካሜራው ከፊቱ ላይ ንቅንቅ አይልም። «ይሄኛውስ?» ስለው «እሱማ ፊልም ነው» አለኝ።

«ለአዋቂ የሚሆን የለህም?» እያሉ የሚመጡት ደግሞ ጢም እንኳ ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። (የብልግና ቪዲዮ እንደማልጭን ሰፈሩ ያውቃል። ወሬዬ ስለሱ አይደለም።)

ለኔ የአዋቂ ፊልም ማለት ልብስ የወለቀበት አይደለም። ኑሮ ያየ ሰው ብቻ የሚገባው ነገር ያለበት ነው። ትዳር ሲሰለች፣ ልጅ እምቢ ሲል፣ ወላጅ ሲጃጅ። እንዲህ ያለውን ልጅ ቢያየው እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይበላሽም። «ለአዋቂ ብቻ» ተብሎ የሚደበቀው ግን ባብዛኛው የጎረምሳ ጨዋታ ነው። እናንተ መስመሩን የት ላይ ታሰምራላችሁ?

---

የባቲ ልጅ

መጀመሪያ የትርጉም ተራኪውን አንድ በለው አቦ። ሁለቱ ሲሳሳሙ እኛ አንገታችንን ደፍተን ሪሞት ስንፈልግ እሱ ማይኩን ይዞ «ኧረ ቀስ! ኧረ ሰው አለ!» ይላል። አባቴ እኮ ሸለብ አድርጎት ነበር። የቀሰቀሰው እሱ ነው።

---

ኡሙ ፈውዛን (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ፍላሽ ጫኙ፣ ሰውየው ላይ አትሳቅ። እኔም የማደርገው እንደሱ ነው። ምክንያቴን ልንገርህ።

ልጄ ደሙ ቀለም መሆኑን ያውቃል። ሰው ሲገደል አይቶ ነገ ጠዋት ለመግደል አይነሳም። መሳሳሙ ግን ነገ ከሰዓት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ዕድሜው ደርሷል፣ ስልክ አለው፣ ጎረቤት ሴት ልጅ አለች። አንዱ ከኑሮው የራቀ ነው፣ ሌላው ደጃፉ ላይ ነው። እናት የምትፈራው የቱን ይመስልሃል?

ደግሞ እኔ ልጄ ይህን ነገር ጭራሽ አይወቅ አላልኩም። ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ አይየው ነው ያልኩት። ሀያእ (እፍረት፣ ጨዋነት) የሚባል ነገር አለ። እኔም እስከ ዛሬ ከአባቴ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብዬ አላየሁም፣ ወደፊትም አላይም። አራት ልጅ መውለዴን ግን ያውቃሉ። አስመሳይነት አትበለው። መከባበር ነው።

---

ጦሳ ሥር

«አራት ልጅ መውለዴን ግን ያውቃሉ» 👏 ውይይቱን መዝጋት ይቻላል።

---

ቾክ አቧራ (ሐይቅ፣ መምህር)

ገና ነው ባክህ፣ አይዘጋም።

ፍላሽ ጫኙ ያነሳው ነገር ሆሊውድ ውስጥም ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ «የሄይስ ሕግ» የሚባል የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ጥርስ ያወጣው በ1934 ነው። በዚያ ዘመን ፊልሞች ባልና ሚስት እንኳ ባብዛኛው የሚታዩት በሁለት የተለያየ አልጋ ላይ ነበር። ሽጉጡ ግን ይተኮሳል። ደንቡ በ1968 ቀረና በዕድሜ ደረጃ ተተካ። ከደረጃዎቹ አንዱ «ኤክስ» ነው፤ ለአዋቂ ብቻ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ «ኤክስ» የውርደት ምልክት አልነበረም። «ሚድናይት ካውቦይ» የተባለው ፊልም ይህን ደረጃ ይዞ በ1970 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል። የሁለት ችግረኛ ሰዎች የኒውዮርክ ኑሮ ነው፤ የፍላሽ ጫኙ ዓይነት የአዋቂ ፊልም። ግን ደረጃውን የሚሰጠው የፊልም ማኅበር ሌሎቹን ደረጃዎች በንግድ ምልክትነት ሲያስመዘግብ «ኤክስ»ን ሳያስመዘግብ ተወው። የብልግና ፊልም ሠሪዎች አነሱት። አንዱ አልበቃ ብሏቸው ሦስት ደረደሩት። ጋዜጣ ማስታወቂያውን አልቀበል አለ፣ ሲኒማ ቤት በሩን ዘጋ። ቁም ነገር ያለው ዳይሬክተር ከዚያ ደረጃ ሸሸ። በ1990 ስሙን ቀይረው «ኤንሲ 17» ቢሉትም ሽሽቱ አልቆመም።

ስለዚህ ፍላሽ ጫኙ፣ ጎረምሶቹ «ለአዋቂ» ሲሉህ ያንን ማለታቸው የራሳቸው ፈጠራ አይደለም። ነጋዴ ቀድሟቸዋል።

---

ጆይስቲክ (ደሴ)

ጌም ላይ ደግሞ ይብሳል። ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀጥሬ ስለሠራሁ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ አውቃለሁ። ፊፋው ወረፋ ሲበዛበት ጂቲኤ ይከፍታሉ።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ «ኤም» ነው፣ ከ17 ዓመት ጀምሮ። በዚያ ጌም መንገደኛ ገጭተህ ትሄዳለህ፣ ፖሊስ ትገድላለህ። ሴተኛ አዳሪ መኪናህ ውስጥ አስገብተህ፣ መኪናው ተወዛውዞ ሲያበቃ ገድለሃት ብርህን መልሰህ መውሰድ ትችላለህ። ይህ ሁሉ ለ17 ዓመት ልጅ ይሆናል ተባለ።

በ2005 አንድ ፕሮግራመር ጌሙ ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ትዕይንት አገኘ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከገዛ ፍቅረኛው ጋር፣ በፈቃዷ፣ እሷ ቤት። ግራፊክሱ የካርቶን ነው፣ ያስቃል። ሀገር ተተራመሰ። ሂላሪ ክሊንተን ሳይቀሩ ይጣራ አሉ። ደረጃው ወደ 18 ወጣና ትልልቅ ሱቆች ከመደርደሪያ አነሱት። ኩባንያው ትዕይንቱን አውጥቶ እንደገና ሲያሳትመው ወደ 17 ተመለሰ። ሴቷን መግደሉ ግን አልተነካም።

ኡሙ ፈውዛን፣ ነጥብሽ ይገባኛል። ግን «ከኑሮው የራቀ ነው» ያልሽው እኛ ሀገር ይሠራል ወይ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቻችን ሬሳ መንገድ ላይ አይተዋል። ደም ለነሱ ቀለም ብቻ አይደለም።

---

ኡሙ ፈውዛን

ይህን አልመልስም። እኛም ቤት ያለፈ ነገር አለ። እኔ ያወራሁት ስለ ፊልም ነው።

---

እማማ ስኒ (ተሁለደሬ)

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ።

አሁን ቴሌቪዥን ላይ ከንፈር ሲነካካ ቤቱ ይታመሳል። በኛ ጊዜ ሰርግ ሲነጋ «ብር አምባር ሰበረልዎ» እየተባለ ሲዘፈን መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ልጅ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ አማት፣ ሁሉም። ብር አምባሩ ምን እንደሆነ የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም። ልጆቹ ግን የእጅ አምባር ይመስላቸዋል፣ ያጨበጭባሉ። እኔም ልጅ ሆኜ አጨብጭቤያለሁ። የባቲውንና የአምባሰሉን ዘፈን ብትሰሙት አንገቷ፣ ጡቷ፣ ሽንጧ ያልተነሳበት የለም። ጥምቀት ላይ ሎሚ ደረት ላይ ይወረወራል። ማንም አልሞተም።

ነገሩ አዲስ አይደለም ለማለት ነው። ድሮ ያልደረሰ ሰው እየሰማው ያልፈዋል፣ የደረሰ ይገባዋል። አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ስጋውን ቆርጠው ያሳዩሃል። እኔን ያስከፋኝ ብልግናው አይደለም፣ ለዛ ቢስነቱ ነው። ቡና ፈላ፣ ሄድኩ።

---

ፍላሽ ጫኙ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። «ለዛ ቢስነቱ» ያሉትን ሱቄ ላይ እለጥፈዋለሁ።

---

ነጭ ጋዋን (ወልድያ)

እማማን አከብራለሁ፣ ስለ ቅኔው ልክ ናቸው። ያ ዘፈን ግን ለሙሽራዋስ ምን ነበር? ነርስ ነኝ። አምባሩ «ያልተሰበረ»ላት ልጅ ምን እንደሚደርስባት ሁላችንም ሰምተናል። ድንግልና በደም የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ሳትነካ ቆይታም በመጀመሪያው ቀን የማትደማ ብዙ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብለዋል። ያ ደሙ ታየበት የሚባለው የሰርግ ሌሊት ጨርቅ ደግሞ ስንቴ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ጨርቅ ነበር? የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ፊልም ለማየት «አልደረሰችም» የተባለች ልጅ ለመዳር «ደርሳለች» ስትባል እኔ ግራ ይገባኛል።

አሁን ወደ ፊልሙ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መሳሳሙም ጉጠቱም አይደለም። ያቺ የታወቀች ታሪክ ናት። ሀብታሙ ሰውዬ ልጅቱን አስገድዶ ያገባታል። ትጠላዋለች። ይቆልፍባታል፣ ይጮህባታል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ትወደዋለች። አንዲት ቁልፍ አልተፈታም፣ ትከሻ እንኳ አልታየም። አያትም እናትም ልጅም አብረው ያያሉ፣ ያለቅሳሉ። «ቤተሰብ ፊት ይታያል» ማለት ይህ ነው!

ጠለፋ እኮ ነው። የወንጀል ሕጋችን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣበታል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጠላፊው ካገባት ይተውለት ነበር። በ1996 ይህ ቀርቷል። ከሕጉ ያወጣነውን በተከታታይ ድራማ መልሰን ሳሎን አስገባነው። የ16 ዓመት ልጅ «ቢወዳት ነው እኮ የሚቆጣው» ስትለኝ ከየት እንደተማረችው አልጠይቃትም።

---

ጆይስቲክ

እኛ ቤት አሁን የሚታየው ይኸው ነው። እናቴ በእጇ ምልክት «ዝም በል» ትለኛለች።

---

ሀቅ ተናጋሪ

ይህ ሁሉ ባህላችንን ለማጥፋት ከውጭ የመጣ ሴራ ነው። ነርሷም የዚያው አካል ናት። ሀገራችን ጨዋ ነበረች። ሁሉም ይዘጋ!!

---

ከሪያድ (ወረባቦ)

ወንድሜ፣ እኔ ሁሉም የተዘጋበት ሀገር ስሠራ ነበር የኖርኩት። ሳውዲ ከ35 ዓመት በላይ ሲኒማ ቤት አልነበረም። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የማጸዳበት ቤት ጣሪያ ላይ ግን የሳተላይት ዲሽ እንደ እንጉዳይ ፈልቶ ነበር። በ2008 የቱርክ ድራማ በአረብኛ ገብቶ ዋናው ሙፍቲ ራሳቸው አትዩት ሲሉ ሴቶቹ ድምፁን ቀንሰው ያዩ ነበር። ማዳሜ ሲሳሳሙ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ትለኝና እሷ ታያለች። ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሆነ እኔው እንድነግራት ትፈልጋለች። በምን ዓይኔ አይቼ?

ነርሷን ተዋት። ልክ ብላለች።

---

አወያይ

ከዚህ በታች የነበሩ የስድብ መልሶችን አንስቻለሁ። ሀይማኖት እየጠቀሱ ሰው ማብጠልጠል አይፈቀድም። በጨዋ ደንብ ሀይማኖት ማንሳት ይቻላል።

---

ደረሳ ነበርኩ (ከሚሴ)

በጨዋ ደንብ ላንሳ እንግዲህ። ሱረቱ ኑር 30ኛው አንቀጽ ዓይናችሁን ስበሩ የሚለው ለወንዶች ነው። የሴቶቹ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እኛ ሰፈር ግን የሚወራው ስለ ተዋናይቷ ቀሚስ ብቻ ነው። የሚያየው ዓይን የማን እንደሆነ አይነሳም። ፊልሙ ተቆርጦ ቢመጣም ባይመጣም ዓይኑ የኔ ነው።

---

የድጓ ልጅ (ላሊበላ)

እኔም ከዚህኛው ወገን አንዲት ልጨምር። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ጡቷን በሚዳቋ ግልገል፣ ከንፈሯን በማር ወለላ ይመስላል። ሊቃውንቱ አላወጡትም። ትርጓሜ ሰጡት፣ መምህር ፊት ቁጭ ብለህ ተማረው አሉ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቆየ፣ በእጅ እየተቀባበለ ተነበበ። ታትሞ ሲወጣ ከውቤ በረሃ ሴቶች ኑሮ ይልቅ የሚወራው ስለ ቃላቱ ነበር። መጽሐፉን ሳይጨርስ የተቆጣ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ሳይጨርስ ያሞገሰውም አይጠፋም።

---

ቾክ አቧራ

የሕጉን ነገር ማንም ስላላነሳው፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 640 ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ምስልና ጽሑፍ ማሰራጨትን ይከለክላል። ንጹሕ የጥበብ ወይም የሳይንስ ሥራ ሆኖ የፍትወት ስሜት ለመቀስቀስ ያልታሰበውን ግን ሕጉ ነጥሎ ያስቀራል። የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ ደግሞ ለልጅ የማይሆነው ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ይተላለፍ ይል ነበር። ያኔ የሀገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጥቂት ነበር፣ ልጅ ይተኛ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ናቸው። ግሩፑ ውስጥ እኔም አለሁ፣ አያውቁም።

ለፍላሽ ጫኙ አንድ ሐሳብ። ዕድሜ አትጻፍ። ያለውን ጻፍ። ቱርኮቹ ራሳቸው ድራማ ሲጀምር ጥግ ላይ ትናንሽ ምልክት ያወጣሉ፤ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ጠብ ይሁን ወሲብ ይሁን ለይተው ያሳያሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ምልክቱ የለም። አንተ ዝርዝርህ ላይ ብትጨምረው ምን ይልሃል?

---

ፍላሽ ጫኙ

መምህር፣ ሞከርኩት። ዝርዝሩ ላይ ከየፊልሙ ጎን «መሳም»፣ «ራቁት»፣ «ደም»፣ «ስድብ» ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ ስላለችው ደግሞ «ማስገደድ» የሚል ጨመርኩ። ኡሙ ፈውዛን፣ ያንቺንም አልረሳሁትም፤ «ለብቻ የሚታይ» የሚል ዓምድ አለ። አብሮ መመልከትና ማወቅ ለየቅል ነው ያልሽው ልክ ነው። የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። ለብቻው ካየው በኋላ የሚጠይቀው ሰው ከሌለው ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ጓደኛው ደግሞ የሚያውቀው ከዚያው ቪዲዮ ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። «ራቁት» ያልኩትን ጎረምሳው ወረፋ ያዘበት። «ደም» ያልኩትን አባቶች እንደ ድሮው ይወስዳሉ። «ማስገደድ» ያልኩት ላይ ግን ያላሰብኩት ሆነ። ሁለት ሴቶች ቆመው አነበቡትና አንዷ «ይሄን እኮ እናቴ ናት የምታየው» አለች። ሌላኛዋ «እስቲ ሌላ ስጠን» አለችኝ። ሌላ የምሰጣቸው ለማግኘት ግን ሃርድ ዲስኩን ስበረብር ቆየሁ። ከቱርኮቹ ያልተጻፈበት ጥቂት ነው።

---

ነጭ ጋዋን

ያልተጻፈባቸውን ዝርዝር እዚህ ለጥፈው። እኔም ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።

---

የባቲ ልጅ

ከርዕስ ልውጣና፣ ሪሲቨር ላይ ቻናል መቆለፊያ እንዴት ነው የሚሠራው? የልጅ ቁልፍ የሚባለው።

---

ጆይስቲክ

ሜኑ ገብተህ የወላጅ ቁጥጥር የሚለውን ፈልግ። ቁጥሩ ካልተቀየረ ባብዛኛው 0000 ነው።

---

ኡሙ ፈውዛን

ቀይሪው ብሎ የነገረኝ ልጄ ነው። 0000 አይሠራም፣ ሁሉም ያውቀዋል አለኝ። አዲሱን ቁጥር ያስገባውም እሱ ነው። ፍላሽ ጫኙ፣ «ለብቻ የሚታይ» ካልከው ውስጥ ለእናትና ለወንድ ልጅ መነጋገሪያ የሚሆን አንድ ካለህ ለይተህ አስቀምጥልኝ። ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ።